23 ኢሜይል ልኬ አንድም መልስ አላገኘሁም

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ካሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ማይክሮባዮሎጂ በጣም እወዳለሁ፤ በላብ ክፍለ ጊዜ ግን ስምንት ሆነን በአንድ ዕቃ ስለምንሠራ ከማየት አልፌ በእጄ የሠራሁት ነገር የለም። ከመመረቄ በፊት እውነተኛ ምርምር ውስጥ መግባት ፈልጌ ለ23 መምህራን ኢሜይል ላክሁ። አንድም የመለሰልኝ የለም። የዶርም ጓደኞቼ “ላብ ለማስተርስ ተማሪና ለዘመድ ነው” ይሉኛል። ጂፒኤዬ 3.1 ነው፤ በእሱ ይሆን? ክረምትስ ቤተሰቦቼ ጋ ወልድያ ከምሄድ እዚሁ ቀርቼ ብሞክር ይሻላል? የላክሁትን ኢሜይል አያይዤዋለሁ። ሁለተኛ ዓመት ነኝ፤ ስሜ ይቆይ።

መልስ፦ ውድ እህታችን፣

ኢሜይልሽን ደጋግመን አነበብነው። “ለምርምር ከፍተኛ ፍቅር ያለኝ ትጉህ ተማሪ ነኝ፤ በላብዎ የመሥራት ዕድል ቢሰጡኝ ደስታዬ ወሰን የለውም” ይላል። ትሕትና አለው፣ ቋንቋውም ደህና ነው። ሆኖም 23ቱም መምህራን የደረሳቸው ይኸው አንድ ወረቀት ነው። አንድ መምህር እንዲህ ያለ መልእክት ሲከፍቱ የሚያስቡት ሦስት ነገር ነው፦ የትኛውን ሥራዬን አውቃ ነው የጻፈችልኝ? መቼ መቼ መምጣት ትችላለች? ማንስ ያሠለጥናታል? አንዱም መልስ ስለሌለው “በኋላ እመልስላታለሁ” ብለው ያልፉታል፤ ያ በኋላ ሳይመጣ ሴሚስተሩ ያልቃል።

ከሦስቱ ከባዱ የመጨረሻው ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ቀኑን ሙሉ ላብ ውስጥ ቆመው የሚውሉት መምህሩ አይደሉም። እሳቸው ያስተምራሉ፣ ያማክራሉ፣ ፈተና ያርማሉ፣ ስብሰባ ይገባሉ። ቤንቹ (የላብ መሥሪያ ጠረጴዛው) ላይ ያለው የማስተርስ ወይም የፒኤችዲ ተማሪያቸው ነው፤ መቶ ምናምን ናሙና ከፊቱ ተደርድሮ፣ የዲፌንስ ቀኑ፣ ማለትም ጽሑፉን በፈታኞች ፊት የሚያስረዳበት ቀን እየቀረበ፣ ሚዲያ (ባክቴሪያ የሚያድግበትን ምግብ) የሚያዘጋጅለት ሰው ያጣ ተማሪ። እንግዲህ ፍለጋሽን ከእሱ ጀምሪ። እጅ ያጠረውን የድኅረ ምረቃ ተማሪ ፈልጊ፣ የተወሰነ ሥራ በተወሰነ ሰዓት እንደምታግዢው ንገሪው፣ ከተስማማችሁ በኋላ አማካሪውን አስፈቅጂ። ፈቃዱ የአማካሪው ነው፤ እሳቸው ሳያውቁ ላብ ውስጥ መግባት አንቺንም ተማሪውንም ያስጠይቃል። ላሠለጥናት የሚል ሰው ካለ ግን ለእሳቸው “ይሁን” ማለት ቀላል ነው።

ጓደኞችሽ “ለዘመድ ነው” ሲሉ ያዩት ነገር አለ። የላብ ረዳትነት ማስታወቂያ አይወጣበትም፤ ከሰው ወደ ሰው በቃል ይተላለፋል። ስለዚህ የሚያገኘው ሰዉ በዓይኑ የሚያውቀው ተማሪ ነው። በዓይን ለመታወቅ ደግሞ ዝምድና አያስፈልግም፣ የዲፓርትመንቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ በየሳምንቱ ማንበብ ይበቃል። የፕሮፖዛል ዲፌንስ፣ የማስተርስ ሴሚናርና የመመረቂያ ጽሑፍ ዲፌንስ ቀንና ክፍሉ እዚያ ይለጠፋል። አብዛኞቹ ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ ወንበሩ ግን ባዶ ነው። በተለይ የፕሮፖዛል ዲፌንስ እንዳያመልጥሽ። ተማሪው ከየት ናሙና እንደሚሰበስብ፣ ስንት ናሙና እንደሚሠራ፣ በየትኛው ወር ምን እንደሚሠራ በሠንጠረዥ ያቀርባል። አንቺ የምትፈልጊው መረጃ ሁሉ በዚያ አንድ ገጽ ላይ አለ፤ ጽፈሽ ውጪ። ሲያልቅ ቀርበሽ “እንኳን ደስ አለህ፤ ናሙናውን ብቻህን ነው የምትሠራው?” ብለሽ ጠይቂው። ብዙውን ጊዜ ተንፍሶ ነው የሚመልስልሽ።

ሁለተኛው መንገድ ንባብ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የፒኤችዲ ጽሑፎች በኢንተርኔት ማኅደሩ ላይ በነፃ ይገኛሉ፤ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተመሳሳይ ማኅደር አላቸው። የመምህሩን ስም አስገብተሽ በእሳቸው አማካሪነት ባለፉት ሦስት ዓመታት የተሠሩትን አውጪ። ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅብሽም። መጀመሪያ የምስጋና ገጹን እዪ፤ ማን ገንዘብ እንደሰጠ፣ ሥራው በየትኛው ላብ እንደተሠራ፣ የትኛው የላብ ባለሙያ እንዳገዘ የተጻፈው እዚያ ነው። ቀጥለሽ የሥራ ዘዴውን ምዕራፍ እዪ። ብዙ ጊዜ የምታገኚው ያልተጠበቀ ነገር፣ የመምህሩ ቢሮ በአንድ ግቢ ሆኖ ሥራው የተሠራው በሌላ ተቋም መሆኑን ነው፤ አለርት ግቢ ባለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ በዶ/ር አክሊሉ ለማ ስም በተሰየመው ተቋም ወይም በኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት። እንዲያ ከሆነ ያለ ዲፓርትመንትሽ የትብብር ደብዳቤ ከበሩ አታልፊም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የራስሽ ግቢ ውስጥ ያለ ላብ ይሻልሻል።

ጊዜውንም አስቢበት። ካላንደሩ ከዓመት ዓመት ቢንሸራተትም፣ የማስተርስ ተማሪ በሁለተኛ ዓመቱ መጀመሪያ ፕሮፖዛል ያጸድቃል፣ ሪኤጀንት (ለላብ ሥራ የሚያስፈልግ ኬሚካል) ያሳድዳል፤ መሃሉ ላይ ላብ ይገባል፤ መጨረሻው ላይ ይጽፋል። በመስከረም ብትጠይቂው የሚያሠራሽ ነገር የለውም። በግንቦት ብትጠይቂው ለማሠልጠን ጊዜ የለውም። ሪኤጀንቱ ገብቶ የናሙና ሥራ ሊጀመር ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው ጥያቄሽ ሰሚ የሚያገኘው። የ23ቱ ኢሜይል የተላከበትን ቀን አየነው፤ የፋይናል ፈተና ሳምንት ነበር።

የምታቀርቢው ሰዓት ደግሞ ከሥራው ጠባይ ጋር ይግጠም። ባክቴሪያ ዛሬ ተዘርቶ ነገ ነው የሚነበበው። አንቲባዮቲክ የመቋቋም ምርመራ በዲስክ ከሆነ፣ ማለትም መድኃኒት የያዘ ትንሽ ወረቀት በተዘራው ባክቴሪያ ላይ ተቀምጦ ዙሪያው ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ የሚለካ ከሆነ፣ ፕሌቱ (ባክቴሪያው የተዘራበት ባለ ክዳን ዝርግ ሳህን) ኢንኩቤተር ውስጥ በ35 ዲግሪ አካባቢ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይቆይና ይለካል። ስለዚህ “ማክሰኞና ዓርብ ነፃ ነኝ” ከምትዪ “ማክሰኞ ከሰዓትና ረቡዕ ጠዋት” ብትዪ እጥፍ ትጠቅሚያለሽ፤ ማክሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት የዘራሽውን ረቡዕ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ራስሽ ታነቢዋለሽ። ዓርብ ከመጣሽ ሌላ ሰው አንብቦልሻል፣ አለዚያም ፕሌቱ አልፎበታል። በሳምንት ከ6 እስከ 8 ሰዓት በቂ ነው። 15 ሰዓት ብለሽ ቃል ገብተሽ በሚድ ሰሞን ከመጥፋት 6 ብለሽ ሳታጓድዪ መምጣት ይበልጣል።

አዲሱ ኢሜይልሽ እንደለመደው በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ይዘቱ ግን ወደዚህ ይጠጋ፦

“ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሐሙስ ከጥሬ ወተት የሚለዩ ባክቴሪያዎች አንቲባዮቲክን ምን ያህል እንደሚቋቋሙ በቀረበው ፕሮፖዛል ላይ ተገኝቼ ነበር። የናሙናው ሥራ በየካቲት እንደሚጀመር ሰምቼ ተማሪዎን አነጋግሬዋለሁ፤ እርስዎ ከፈቀዱ ሚዲያ በማዘጋጀትና ዕቃ በማጠብ እንዳግዘው ተስማምቷል። ማክሰኞ ከሰዓትና ረቡዕ ጠዋት ክፍል የለኝም፤ በሳምንት 7 ሰዓት ለ12 ሳምንት መምጣት እችላለሁ። ግራም ስቴይን በክፍል ተምሬያለሁ፤ አውቶክሌቭ ተጠቅሜ አላውቅም። ሐሙስ በቢሮ ሰዓትዎ መጥቼ ለ10 ደቂቃ ባነጋግርዎ ይመችዎታል?”

አውቶክሌቭ ሚዲያንና ዕቃን በጋለ እንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን ነው፤ “ተጠቅሜ አላውቅም” የሚለውን እንዳትሰርዢው። የማያውቀውን አውቃለሁ ብሎ የገባ ተማሪ በላብ ውስጥ አደገኛ ነው፣ መምህሩም ይህን ያውቃሉ። መልስ ካልመጣ በሳምንቱ አንድ አስታዋሽ ላኪ፤ ካልሆነም በቢሮ ሰዓት በአካል ሂጂ። በአንድ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ አትጠይቂ፣ ሁለቱ እሺ ቢሉሽ አንዱን ማሳዘንሽ አይቀርምና።

ስለ ጂፒኤሽ፦ 3.1 በር የሚዘጋ ውጤት አይደለም። ከጠቅላላው ይልቅ የጄኔራል ማይክሮባዮሎጂ ግሬድሽን ይጠይቁሽ ይሆናል፤ እውነቱን ተናገሪ። ውጤትሽ ወደ ታች እየሄደ ከሆነ ግን ይህን ሴሚስተር ለትምህርትሽ ስጪውና በሚቀጥለው ሞክሪ። ላብ ውጤትን አያቃናም፣ ጊዜ ይበላል እንጂ።

እሺ ካሉሽ በኋላ የመጀመሪያው ወር ዕቃ ማጠብና ሚዲያ ማዘጋጀት ነው። ይህን እንደ መናቅ እንዳታይው። በደንብ ያልተለቀለቀ ብልቃጥ ላይ የቀረ ሳሙና ባክቴሪያን ያዳክማል፤ ተማሪው “አላደገም” ብሎ የሚጽፈው በአጣቢው ጥፋት ይሆናል። በቧንቧ ውኃ ደጋግመሽ አለቅልቂ፣ መጨረሻውን በተጣራ ውኃ።

ሚዲያውንም ቀረብ ብለን እንየው፤ ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነውና። ለዲስክ ምርመራ የሚያገለግለው ሚዲያ ሙለር ሂንተን አጋር ይባላል፤ በብዛት የሚገኘው ዱቄቱ ለአንድ ሊትር 38 ግራም ይላል። ለግማሽ ሊትር 19 ግራም ማለት ነው። የዕቃውን ጀርባ አንብቢ፣ አምራቹ ሲለያይ ልኩም ሊለያይ ይችላል። ግማሽ ሊትሩን በአንድ ሊትር ፍላስክ አድርጊው፤ በጠባብ ዕቃ ከሆነ አውቶክሌቭ ውስጥ ገንፍሎ ይፈስሳል። ክዳኑን ላላ አድርጊ፤ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ጠርሙስ ይፈነዳል። 15 ደቂቃው የሚቆጠረው ሙቀቱ 121 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ ነው እንጂ ማብሪያው ከተጫነበት ሰዓት አይደለም። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ከቆመበት መቀጠል የለም። ለተማሪው ንገሪውና እንደገና ይጀመር። ግፊቱ ዜሮ ሳይደርስ ክዳኑን መክፈት ደግሞ ፊትን ያቃጥላል። ሲወጣ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቂው። ፍላስኩን በእጅሽ ይዘሽ መቆየት ስትችዪ ደርሷል። በትኩሱ ፕሌት ላይ ከፈሰሰ ክዳኑ ላይ እንፋሎት ይቋጥራል፣ ጠብታው ወርዶ በኋላ የሚያድገውን የባክቴሪያ ክምችት ያጥበዋል። ከዘገየ ደግሞ ፍላስኩ ውስጥ ይረጋል። በ90 ሚሊ ሜትር ፔትሪ ዲሽ 25 ሚሊ ሊትር ስታፈስሺ ውፍረቱ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከግማሽ ሊትሩ 20 ፕሌት አካባቢ ታገኛለሽ። “ዱቄቱ ውድ ነው፣ እንቆጥብ” ተብሎ ከሳሳ መድኃኒቱ ወደ ጎን ርቆ ይሰራጭና ክቡ ይሰፋል፤ መድኃኒቱን የሚቋቋመው ባክቴሪያ የማይቋቋም መስሎ ይነበባል። በታካሚ ናሙና ቢሆን ይህ ስህተት ለሰው የማይሠራ መድኃኒት ያሳዝዛል። ስምና ቀን የምትጽፊው ከታችኛው ክፍል ላይ ነው፣ ክዳን ይቀያየራልና።

ማስታወሻ ደብተር ከመጀመሪያው ቀን ያዢ። በእስክሪብቶ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ገጽ ሳይቀደድ። ጓንት ላይና ቁራጭ ወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ማታ ይጠፋል። ያልጠበቅሽውን ነገር በተለይ ጻፊ። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ባያስተውሉ ኖሮ፣ እንዶድ የቢልሃርዚያ ተሸካሚውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለማወቅ ስንት ዓመት ይቆይ ነበር! ስህተት ከሠራሽም በዚያው ሰዓት ተናገሪ። የተበላሸ ፕሌት ይደገማል። የተደበቀ ስህተት ግን የሰውየውን መመረቂያ ጽሑፍ ያበላሻል፣ አንቺም ዳግመኛ አትታመኚም። ቁጥር “ማስተካከል” ፈጽሞ አይታሰብም፤ አስተካክዪ የሚልሽ ካለ ከዚያ ላብ ውጪ።

ዕቃ ከማጠብ በቀር ሌላ ነገር ሳትነኪ ሁለት ወር ካለፈ፣ “በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ናሙና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንተ እያየኸኝ ልሥራ?” ብለሽ ጠይቂ። መብትሽ ነው። ክፍያ ብዙ ጊዜ አይኖርም። ሪኤጀንት ግዢ፣ ገንዘብ አዋጪ ከተባልሽ ግን እምቢ በዪ። ሚዲያ ያዘጋጀ በምስጋና ገጽ ይጠቀሳል፤ ትንተናና ጽሑፍ ውስጥ የገባ ደግሞ የደራሲነት ጥያቄ ማንሳት ይችላል። ይህን በመጀመሪያው ወር በግልጽ ተነጋገሩ፣ በመጨረሻ ሲነሣ ቅሬታ ይሆናል። ፈተና ሲመጣ ከሁለት ሳምንት በፊት አሳውቂ፣ ናሙናው ያለ ሰው እንዳይቀር።

ደም፣ አክታ ወይም ሌላ የሰው ናሙና ያለበት ላብ ከሆነ ጥናቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ እንዳለውና አንቺ መግባትሽ በዚያ ፈቃድ የተሸፈነ መሆኑን አረጋግጪ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሳትወስጂ ደም አትንኪ። ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው፣ ሁለተኛው በወሩ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር፤ አሁኑኑ መጀመር አለብሽ። አንድ ነገር እንደ እህት እንንገርሽ፦ ማታ ብቻሽን ላብ ውስጥ አትቆዪ። አደጋ ቢደርስ የሚደርስልሽ የለም። ማንም ይሁን ማን፣ እርዳታውን ከግል ነገር ጋር ካያያዘ መልእክቱን ሳታጠፊ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ሂጂ። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም።

ማይክሮባዮሎጂ ቦታ ባይኖረውስ? አራት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባርየም (የደረቁ ዕፀዋት ማከማቻ) ተጭነው የደረቁ ዕፀዋትን መለጠፍና መመዝገብ የሚችል ትዕግሥተኛ እጅ ይፈልጋል፤ ሪኤጀንት አያስፈልገውም፣ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። ላፕቶፕ ካለሽ ደግሞ ኤን.ሲ.ቢ.አይ. ከተባለው የኢንተርኔት መረጃ ማከማቻ የባክቴሪያ ጂን ቅደም ተከተል በነፃ አውርደሽ ሜጋ ወይም አር በተባሉት ሶፍትዌሮች መተንተን መልመድ ትችያለሽ። ይህን የምታውቅ የዲግሪ ተማሪ ማስተርስ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይፈልጓታል።

ወደ ክረምቱ እንምጣ። አዲስ አበባ የምታርፊበት ዘመድ ከሌለሽ ለዚህ ብለሽ ቤት ተከራይተሽ አትቅሪ። ዶርም ይዘጋል፣ መምህራን እረፍት ይወጣሉ፣ ያሰብሽው ላብ ተቆልፎ ልታገኚው ትችያለሽ። ወልድያ መሄድሽ ግን ጊዜ ማባከን አይደለም። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚያው ሰሜን ወሎ ነው፤ ማሽላና ጤፍ ላይ ይሠራል። በሐምሌና በነሐሴ እርሻው ላይ ያለው ሥራ ብዙ ነው፦ ቡቃያ መቁጠር፣ በሽታ ያለበትን ተክል ምልክት ማድረግ፣ መመዝገብ። ቅጠል ላይ ያለ በሽታም ማይክሮባዮሎጂ ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ ስድስት ሳምንት እዚያ መሥራት ለሚቀጥለው ኢሜይልሽ የሚጻፍ ነገር ይሰጥሻል።

ለዚህ የትብብር ደብዳቤ ያስፈልግሻል፤ ስምሽ፣ የትምህርት ክፍልሽ፣ የምትቆዪበት ቀን ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና ተቋሙ ክፍያ እንደማይጠየቅ ይግለጽ። ግቢው ለክረምት ከመበተኑ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ዲፓርትመንት ኃላፊውን ጠይቂ፣ ፈራሚው አንዴ ከወጡ እስከ መስከረም አታገኚያቸውም። ማኅተም ያረፈበት ሁለት ቅጂ አስወጪ፤ አንዱ ማዕከሉ መዝገብ ቤት ይቀራል፣ ሁለተኛውን ይዘሽ የሚያሠራሽ ተመራማሪ ጋ ትገቢያለሽ።